ሥራ ወዳድ ነኝ ወይስ መውጫ ያጣሁ?

የካዛንቺሷ | ሐምሌ 4፣ ማታ 4:35

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የባንክ ቴለር ነኝ። አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቅርንጫፋችን በሩን የሚዘጋው 11 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ቤቴ የገባሁበትን ቀን አላስታውስም። ሰኔማ የሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ አይወራም፣ 4 ሰዓት የገባሁበት ቀን አለ። ቅዳሜም እስከ ምሳ እንሠራለን። እሑድ ቤት ውዬም የቅርንጫፉን የቴሌግራም ግሩፕ ሳላይ አልውልም።

ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ልንገራችሁ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ብሬን ቆጠርኩ። 3,800 ብር ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው 3,800። በማሽን ቆጠርኩ፣ በእጄ ቆጠርኩ። ጣቶቼ ጠቁረዋል፣ ስፖንጁ ደርቋል። ሌሎቹ ልጆች ባላንስ አድርገው ቦርሳቸውን አንግተው ቆመዋል። የኔ ብር ሳይገባ ካዝናው አይዘጋም፣ ካዝናው ሳይዘጋ ደግሞ ማንም አይወጣም። አንዷ ልጇን ከሕፃናት ማቆያ ማምጣት ነበረባት፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ቀና ብላ እኔን አታይም። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ዝምታቸው ነው የጨረሰኝ።

1 ሰዓት ተኩል ግድም ነገሩ ተገለጠልኝ። ባለ መቶ ብሩ 38 ተርፏል፣ ባለ ሁለት መቶው 38 ጎድሏል። ለአንድ አዛውንት 3,800 ብር በመቶ መቶ ልከፍላቸው ስል ሁለት መቶ ሁለት መቶ ሰጥቻቸዋለሁ። ደወልኩ፣ ስልካቸው ዝግ ነው። የጉድለቱን ወረቀት ፈርሜ ወጣሁ። ካልተገኘ ከደመወዜ ይቆረጣል።

ቤት ስገባ ልጄ ተኝታለች። ባለቤቴ "ሥራሽን ከኛ አስበለጥሽ" አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ደክሞት ነው። እናቴ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ሥራ ወዳድ ናት" ትላለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ጣቶቼ ብርድ ልብሱ ላይ ብር እየቆጠሩ ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህ የኔ ጠባይ ነው? ጠባይ ከሆነ እንዴት ይለወጣል? ሌላ ቦታ ያላችሁስ እንዴት ናችሁ?

---

ጉዞ_ላይ | ሐምሌ 4፣ ማታ 5:10

እህቴ አይዞሽ። ስለ አዛውንቱ እግዜር ያውቃል፣ ይመልሱ ይሆናል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። እኛን የሚገድለን ይሉኝታ ነው። "ምን ይሉኛል" ብለን እንቀመጣለን። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ድሮ እንዳንቺ ነበርኩ፣ አሁን 11 ሰዓት ተኩል ሲል ላፕቶፔን እዘጋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ፊት ነሱኝ፣ ኋላ ለመዱ። ሰው እምቢ ማለትን መማር አለበት። ግሩፑንም ሚዩት አድርጊው። የራስሽን ድንበር ካንቺ በቀር ማንም አያሰምርልሽም።

---

ሲስተር_ዘአዳማ | ሐምሌ 5፣ ጠዋት 3:50

ከናይት ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጉዞ ላይ፣ ወንድሜ፣ ያልከው ላንተ ሠርቶ ይሆናል፣ ደስ ይበልህ። የእኔን ስማኝ። ትናንት ማታ ዋርዱ ውስጥ ሁለት ነርስ ነን፣ ታካሚው 30 ነው። ጠዋት የምትረከበኝ ልጅ ልጇ ታሞባት ቀረች። አሁን እኔ ሰዓቴ ደርሷል ብዬ ልውጣ? የማን መድኃኒት ይለፍ? ኦክስጅን ላይ ያለው ሰውዬ እኮ እምቢ ማለት ተምሬ መጣሁ ብለው አይገባውም። ሌላ ሰው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየሁ። ሰሞኑን ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

የዲዩቲ ክፍያችን ወራት ይዘገያል። ከክፍያው በላይ የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። የቆየሁበትን ሰዓት ማንም አይጽፈውም። አንድ ቀን አርፍጄ ብገባ ግን ይጻፋል።

የካዛንቺሷ፣ ብርድ ልብስ ላይ መቁጠርሽን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። እኔም ቤት ተኝቼ የማሽን ድምፅ እሰማለሁ። የታካሚ ደወል መስሎኝ ተነስቼ ኮሪደር የወጣሁበት ሌሊት አለ። ጠባይሽ አይደለም እህቴ።

---

መምህር_ጤና | ሐምሌ 5፣ ከሰዓት 8:15

የማኅበረሰብ ጤና አስተምራለሁ። የካዛንቺሷ ያነሳችው ጥያቄ በሙያችን ብዙ የተሠራበት ነው፣ ትንሽ ላካፍል።

ዮሐንስ ዚግሪስት የተባሉ የሕክምና ሶሲዮሎጂ ምሁር በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሞዴል አለ። ሰው ለሥራው የሚሰጠው አለ፤ ጉልበት፣ ጊዜ፣ ኃላፊነት። በምላሹ የሚያገኘውም አለ። ይህ ምላሽ ደመወዝ ብቻ አይደለም። መከበርና መመስገን፣ ማደግ፣ ነገም ሥራው እንደሚቆይ ማወቅ ሁሉ ይቆጠራሉ። የሚሰጠው በዝቶ የሚቀበለው ሲያንስ፣ ያም ሳይቋረጥ ሲቀጥል፣ ጭንቀቱ ወደ ሰውነት ይገባል። የልብ በሽታና ድባቴ ከዚህ ጋር ተያይዘው በተደጋጋሚ ታይተዋል።

በዚሁ ሞዴል ውስጥ ለሥራ ራስን ከልክ በላይ መስጠት ለብቻው ይለካል። መጠይቁ የሚያነሳቸው ነገሮች ምን ይመስሉሻል? ጠዋት ገና ከእንቅልፍ ሲነቁ የሥራን ችግር ማሰብ። ማታ ሥራን ይዞ መተኛት። ቤት ገብቶ መላቀቅ አለመቻል። የቅርብ ሰዎች "ለሥራሽ ብዙ መሥዋዕት ትከፍያለሽ" ማለታቸው። ጽሑፍሽን መልሰሽ አንብቢው፣ አብዛኛው እዚያ አለ።

ዚግሪስት ይህን በዋናነት እንደ ግለሰቡ ጠባይ ነው ያዩት። ጠባይ ነው ወይስ ሁኔታው የሚያመጣው የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። እኔ በማስተምራቸው የጤና ባለሙያዎች ላይ የማየው ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። ተመርቀው ሲወጡ ዘና ያሉ ልጆች ነበሩ። ሁለት ዓመት ቆይተው ሳገኛቸው ምሳ እየበሉ ስልካቸውን ከእጃቸው አያወርዱም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠባያቸው ተለወጠ ማለት ይከብደኛል።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ሚዛኑ እንደተዛባ እያወቀ ለምን ይቆያል? ሞዴሉ ሦስት ምክንያት ይሰጣል። ሌላ ሥራ ስለሌለው፤ ነገ ዕድገት አገኛለሁ ብሎ ዛሬን ስለሚታገሥ፤ ወይም ራሱን ከልክ በላይ መስጠት ስለለመደ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንቺ ውጭ ናቸው። እስቲ ንገሪን፣ አንቺን የያዘሽ የቱ ነው?

ስለ ሰዓቱም ልበል። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ብንይዝ፣ ምሳ ሲቀነስ በቀን 10 ሰዓት ተኩል ነው። በአምስት ቀን 52 ሰዓት ተኩል። ቅዳሜ ሲጨመር 55ን ታልፊያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩትን ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር አነጻጽሯል። በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ይበልጣል። አስፈራርቼሽ አይደለም። ደም ግፊትሽን ግን ተለኪ፣ እባክሽ።

---

የካዛንቺሷ | ሐምሌ 5፣ ማታ 4:50

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ።

እኔን የያዘኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዋሴ ናቸው። ስቀጠር ዋስ የሆኑኝ አጎቴ ናቸው። ጡረተኛ ናቸው፣ ያላቸው ያቺ ቤት ብቻ ናት። ጉድለት ሲመጣብኝ መጀመሪያ የሚታየኝ የሳቸው ፊት ነው። ሐሙስ ማታ ሦስቴ አራቴ የቆጠርኩት ለ3,800 ብሩ ብቻ አልነበረም። አጎቴ ቤት ደብዳቤ ሲሄድ እየታየኝ ነው።

ሁለተኛው የሠራተኛ ብድር ነው። አምና በሠራተኛ ወለድ የቤት ብድር ወሰድን። ከባንኩ ከወጣሁ ወለዱ የገበያው ይሆናል። ወርሃዊ ክፍያውን ያን ጊዜ አንችለውም። ባለቤቴም ያውቀዋል፣ ለዚህ ነው "ልቀቂ" ብሎኝ የማያውቀው።

ጉዞ ላይ፣ ወንድሜ፣ ልጣላህ አይደለም። አንተ ላፕቶፕህን ስትዘጋ የሚቆመው ያንተ ሥራ ነው። እኔ ካዝና ሳይዘጋ ብወጣ የሌሎች ሰባት ሰዎች ማታ ይቆማል። ይሉኝታ አለብኝ፣ አልክድም። ግን ይሉኝታዬ ላይ የተቆለፈ በር አለ።

---

የቅርንጫፍ_ሰው | ሐምሌ 6፣ ጠዋት 12:20

እኔ በሌላ ባንክ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ ኅሊናዬ እምቢ አለኝ።

ሰኞ ሰኞ ከዲስትሪክት ሰንጠረዥ ይመጣል። የተቀማጭ ታርጌት፣ አዲስ የተከፈተ ሒሳብ፣ ሞባይል ባንኪንግ ያስጀመርነው ሰው ቁጥር። ያልሞላው በቀይ ይቀባል። ሁሉም ሥራ አስኪያጅ ያየዋል። ሁለት ሳምንት ቀይ ከሆንኩ ስልክ ይደወልልኛል። ከስልኩ በኋላ እኔ ወደ ቴለሮቹ እዞራለሁ። አዲስ ሒሳብ ክፈቱ፣ ደንበኛ አምጡ፣ ዘመድ ጠይቁ እላለሁ። ከመስኮቱ ሥራ በላይ ማለት ነው። 12 ሰው ነበርን፣ አሁን 8 ነን። የወጡት አልተተኩም፣ ታርጌቱ ግን ጨምሯል።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ማታ የሚቆይ ሰው ስፈልግ የምጠራው እምቢ የማትለዋን ነው። ሥራ ቶሎ የምትጨርሰዋን፣ የማትነጫነጨዋን። እሷ ላይ እጨምራለሁ፣ እሷ ትችላለች እያልኩ። ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲሆን ግን ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ነው የምሰጠው፣ ቅሬታ እንዳይነሳ ብዬ። እህቴ፣ ያንቺን ሳነብ የኛዋ ልጅ ታየችኝ። ነፍሰ ጡር ነበረች። በሰባት ወሯ ማታ እስከ 4 ሰዓት አስመሽቻታለሁ። ወንበር አምጥቼ እግሯን እንድትሰቅል አድርጌ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

---

ሲስተር_ዘአዳማ | ሐምሌ 6፣ ጠዋት 2:05

ወንድሜ ይሄን ለመናገር ልብ ይጠይቃል። ለልጅቷም ንገራት። ይቅርታ ማለት ካቃተህ የምዘና ነጥቧን አስተካክልላት፣ ይገባታል።

---

ሕግ_ነክ | ሐምሌ 6፣ ከሰዓት 7:30

የሥራ ክርክር ጉዳዮችን የምይዝ ጠበቃ ነኝ። ስሜቱን እናንተ ተናግራችሁታል፣ እኔ ሕጉን ልበል።

የግል ባንክም ሆነ የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ከዚህ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ደግሞ ልማድ ሊሆን አይችልም። አዋጁ ምክንያቶቹን ዘርዝሯል፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ያሠጋል ሲባል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ማቋረጥ በማይቻል ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት። ያም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

ክፍያው እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በአንድ ነጥብ ሰባ አምስት። በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል።

የካዛንቺሷ፣ ለአንቺ በተለይ ሁለት ነገር ልንገርሽ። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝሽ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሐሙስ ማታ የፈረምሽው ወረቀት ምን እንደሚል በደንብ አንብቢው። ኮፒ ከሌለሽ ጠይቂ። ሌላው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል፣ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፊ። ደብተር ይበቃል።

ለቅርንጫፍ ሰው፣ እርስዎ በአዋጁ የሥራ መሪ ከሚባሉት ከሆኑ ይህ ጥበቃ አይመለከትዎትም። ለዚህም ይመስለኛል የናንተ ማምሸት ማንም ዘንድ የማይቆጠረው።

---

ጉዞ_ላይ | ሐምሌ 6፣ ማታ 3:40

ያ በር ያልሽው አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ። ይቅርታ።

አንድ ነገር ግን አሁንም እላለሁ። ሰኞ የሚመጣውን ሰንጠረዥ ዛሬ ማታ ማስቆም አንችልም። እሑድ ግሩፑን አለማየት ግን ዛሬም ይቻላል። ሁለቱን አብረን ካልያዝን፣ ሁኔታው እስኪለወጥ ስንጠብቅ ጤናችን ይሄዳል። እኔ ያን ሰዓት ላፕቶፕ መዝጋት የጀመርኩት ሆስፒታል ገብቼ ከወጣሁ በኋላ ነው። ልቤ ትመታ ነበር፣ የልብ ሕመም መስሎኝ። ሐኪሙ ጭንቀት ነው አለኝ። 29 ዓመቴ ነበር።

---

ከአሌክሳንድሪያ | ሐምሌ 7፣ ጠዋት 11:15

እዚህ ቨርጂኒያ ገና ማታ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። አገር ቤት ያላችሁ "እናንተማ በሰዓት ትከፈላላችሁ" ትሉናላችሁ፣ ልክ ናችሁ። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ አንድ ተኩል ይከፈለዋል ይላል። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሕግ ነው።

ግን ቆጥረው ነው የሚመድቡን። አንዱ ቦታ 36 ሰዓት ይሰጡኛል፣ ከ40 እንዳያልፍ። ኑሮው በ36 አይገፋም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሌላ 32 ይዣለሁ። ድምሩ 68 ነው። ሁለት የተለያየ ቀጣሪ ስለሆነ የትኛውም ጋ ትርፍ ሰዓት የለኝም። ከአንዱ 5 ሰዓት ማታ ወጥቼ ከሌላው 1 ሰዓት ጠዋት የምገባበት ቀን አለ። መኪና ውስጥ የማድርበት ትራስ አለኝ።

ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ለእናቴ እልካለሁ። እሷም "አትድከሚ ልጄ" ትላለች። ብሩ አንድ ሳምንት ሲዘገይ ግን ድምፅዋ ይለወጣል። አልፈርድባትም፣ የኪራይ ቀን አላት። እኔን ከልክ በላይ የሚያሠራኝ ጠባዬ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ሁለቱን ሥራ የያዝኩት ግን አንዱ ስለማይበቃ ነው።

---

የሐዋሳ_ልጅ | ሐምሌ 7፣ ከሰዓት 9:00

በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሱቅ ነው የምሠራው።

እኛ ጋ ታርጌቱ በሰዓት ነበር። በየላይኑ ሰሌዳ አለ፣ ሱፐርቫይዘሯ በየሰዓቱ ቁጥር ትጽፋለች። የኔ ማሽን ከቆመ ከኔ በኋላ ያለችው ልጅ ጨርቅ አይደርሳትም። ሽንት ቤት መሄድ ስፈልግ ፊቷን አያለሁ። ስለዚህ ውኃ አልጠጣም ነበር። ማንም ከልክሎኝ ሳይሆን የልጅቷን ቦነስ ላለማስቆረጥ ነው። ኩላሊቴን ታምሜ ነው የወጣሁት።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ትእዛዝ ቀነሰ። ያኔ ማንም ሳያዘን ነው ራሳችን ፍጥነት የጨመርነው። ቀድማ የምትቀነሰው ቀርፋፋዋ ናት ብለን። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር፣ አንዷ ከተቀነሰች የቀሩት ሦስቱ ኪራዩን አይችሉትም። መምህር የሥራ ዋስትና ያሉት ይሄ ይመስለኛል።

---

መምህር_ጤና | ሐምሌ 7፣ ማታ 1:30

እሱ ራሱ ነው ልጄ። እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት የማወራውን በአራት መስመር ጻፍሽው።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ሮበርት ካራሴክ የተባሉ ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. የጻፉት አለ። የሥራ ብዛት ብቻውን ሰውን አይጥልም። የሚጥለው ሥራው በዝቶ በሥራው ላይ መወሰን ሳይቻል ሲቀር ነው። መቼ ልረፍ፣ በየትኛው ልጀምር፣ ይህን ለነገ ላሳድር ማለት ያልቻለ ሰው ይጎዳል። የእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ለአሥርት ዓመታት የተደረገው የኋይትሆል ጥናትም ዝቅተኛ ማዕረግ ላይ ያሉት ከላይኞቹ የበለጠ በልብ በሽታ እንደሚሞቱ አሳይቷል። አለቃ ይጨነቃል፣ ዝቅ ያለው ይታመማል ማለት ይቻላል። የስፌት ማሽን፣ የባንክ መስኮት፣ የሆስፒታል ዋርድ ሦስቱም እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

---

ጋሽ_ጡረታ | ሐምሌ 8፣ ጠዋት 4:10

ልጆቼ፣ 31 ዓመት ባንክ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ኮምፒውተር ሳይኖር በሌጀር፣ በትልቁ የሒሳብ መዝገብ ነው የጀመርኩት።

እኛም እናመሽ ነበር። አንድ ሳንቲም ጠፍታ እኩለ ሌሊት የሞላብን ቀን አለ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ሁላችንም አብረን ነበር የምንፈልገው። ዋና ካሸሩም ኮቱን አውልቆ ይቀመጣል። ጉድለት የቅርንጫፉ እንጂ የአንድ ልጅ አልነበረም። ማታ ካመሸን ባንኩ መኪና አዞ ቤታችን ያደርሰን ነበር። ጠዋት ማርፈድም ይፈቀድ ነበር።

የካዛንቺሷ፣ ልጄ፣ የሚሠራ ነገር ልንገርሽ። ማታ ብቻ አትቁጠሪ። 6 ሰዓት ላይ መስኮትሽን ለአሥር ደቂቃ ዘግተሽ ግማሽ ቀን ባላንስ አድርጊ። ስሕተቱ ከተገኘ የጠዋት ነው ወይ የከሰዓት ነው ትያለሽ፣ ፍለጋው በግማሽ ይቀንሳል። ደንበኛውም ከቅርንጫፉ ብዙ አልራቀም። አለቃሽ ወረፋ ይረዝማል ይልሻል። ቴለሮቹ በተራ በተራ ቢያደርጉት አይረዝምም፣ እኛ ሞክረነዋል። ሌላው፣ መቶውንና ሁለት መቶውን በአንድ መሳቢያ ጎን ለጎን አታስቀምጪ። መሐላቸው አምሳውን አድርጊበት።

---

የቅርንጫፍ_ሰው | ሐምሌ 8፣ ከሰዓት 7:45

ጋሼ ያሉትን ነገ እጀምረዋለሁ። አሥር ደቂቃውን እኔ ራሴ መስኮት ላይ ቆሜ እሸፍናለሁ። ማታ የሚቆየውንም ሰው በስም ዝርዝር ተራ አድርጌ ለጥፌያለሁ። የኔም ስም አለበት። ለልጅቷም ደውዬላታለሁ፣ ወልዳለች።

---

የካዛንቺሷ | ሐምሌ 14፣ ማታ 2:20

ሳምንት ሆነኝ፣ ቆይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ።

አዛውንቱ መጡ። ሰኞ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ብሩን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውታል። ገጠር ለቀብር ሄደው ነው ስልካቸው የተዘጋው። "ልጄ፣ ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አንቺን ከሥራ አባረሩሽ ይሆን እያልኩ" አሉኝ። እኔም አልተኛሁም አልኳቸው። ሁለታችንም አለቀስን።

ብሩ ተመለሰ፣ ጣቶቼ ግን አልተመለሱም። ሰኞ ማታም ሁለቴ ቆጠርኩ። ማክሰኞም። ያኔ ነው መምህር ያሉት የገባኝ። የጠፋው ብር ቢገኝም ነገ እንደገና ሊጠፋ ይችላል፣ ያኔም ብቻዬን ነኝ።

ሕግ ነክ፣ ወረቀቱን አነበብኩት። ከደመወዝ ይቆረጥ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ስንት በወር እንደሚቆረጥ ግን አይልም። ለሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አሳየሁት። እሱም ሌሎች ስድስት ሰዎች ተመሳሳይ ወረቀት እንዳመጡለት ነገረኝ። በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ጉድለት ከካሽ ኢንደምኒቲ፣ ማለትም ለብር ጉድለት ተብሎ ከሚሰጠው አበል እንዲሸፈንና ዋስ እንዳይነካ ሊያነሱት ነው። የሰዓት ደብተር ይዣለሁ። አምስት ቀን ሞልቷል። ትናንት ሦስት ልጆች "እኛም እንጀምር" ብለው ደብተር ገዙ።

ጋሼ፣ አምሳውን መሐል አድርጌዋለሁ። የግማሽ ቀን ባላንሱን ግን አለቃዬ እስካሁን አልፈቀደም።

ዛሬ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ልጄ ነቅታ ጠበቀችኝ። "ዛሬ ባንክ የለም እንዴ?" አለችኝ።

---

አዲስ_ገቢ | ሐምሌ 15፣ ጠዋት 3:00

እኔ ሰኞ ቴለር ሆኜ የምጀምር ነኝ። ከአንድ ሺህ ከሚበልጥ አመልካች ተመርጬ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ፈራሁ። ውሉን ነገ ነው የምፈርመው። ምን ልጠይቅ?

---

ሕግ_ነክ | ሐምሌ 15፣ ጠዋት 3:40

እንኳን ደስ አለህ። ዋስህ በስንት ብርና እስከ መቼ እንደሚታሰሩ ጠይቅ፣ በጽሑፍ ይሁን። የሥራ ሰዓቱ ውሉ ላይ መጻፉን እይ። የፈረምከውን ሁሉ ኮፒ ውሰድ።

---

የካዛንቺሷ | ሐምሌ 15፣ ከሰዓት 6:50

የሠራተኛ ማኅበር አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ተወካዩ ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት እወቅ። ዋስ የሚሆኑህንም ሰው ዛሬ ሄደህ ቁጭ ብለህ አናግራቸው። ምን እየፈረሙ እንደሆነ ይወቁ። እኔ ለአጎቴ አላስረዳኋቸውም ነበር። ትናንት ሄጄ ነገርኳቸው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ።

---

ጋሽ_ጡረታ | ሐምሌ 15፣ ከሰዓት 8:05

ሰኞ ስትገባ ስፖንጅህን ራስህ ገዝተህ ግባ። የነሱ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። መሳቢያህንም ከመክፈትህ በፊት አምሳው የት እንደሚቀመጥ ወስን።